በካፖርት ኪስ የመጣው አጥንት

ሰልባጅ የሚሸጥ ሰው ልብሱን ከመስቀሉ በፊት ኪስ ይፈትሻል። ሀብት ፍለጋ አይደለም፤ ሀብት ያለው ሰው ልብሱን ከመስጠቱ በፊት ኪሱን በደንብ ይፈትሻል። እኔ በዚህ ሥራ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ያገኘሁት የደረቀ ማስቲካ፣ የባቡር ትኬት፣ ነጠላ ጓንት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሰው ሠራሽ የጥርስ ድርድር ነው። ስለዚህ አንድ የሐምሌ ጠዋት የታሰረ የልብስ ቦንዳ ፈትቼ፣ ከአንድ ወፍራም አረንጓዴ ካፖርት የውስጥ ኪስ ያ አጥንት እጄ ውስጥ ሲገባ ብዙም አልተደነቅኩም። የተደነቁት ጎረቤቶቼ ናቸው።

ሱቄ መርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ገባ ብሎ ባለው መደዳ ውስጥ ናት። ጠባብ ናት፤ እኔ ከገባሁ ደንበኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚለካው። ከጎኔ ጫማ የሚሸጥ፣ በዕድሜ እኩያዬ የሆነ ጉራጌ አለ። ከፊት ለፊት፣ መተላለፊያዋን ተሻግሮ፣ ቁልፍ፣ ክርና ዚፕ የሚሸጡ የወሎ ሴት አሉ፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። እኔን ደግሞ መደዳው «ሬዲዮ» ይለኛል። ስለ ዶላር፣ ስለ ጨጓራ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ጨረቃ፣ የፈለገ ነገር ይነሳ መልስ አላጣም። ለረጅም ጊዜ ቅጽል ስሙ ሙገሳ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ጫማ ሻጩ ለአንድ አዲስ ጎረቤት ሲያስረዳ ሰማሁት፤ «ሬዲዮ ሲናገር እንጂ ሲሰማ አይተህ ታውቃለህ?»

አጥንቱ ከመሃል ጣቴ ትንሽ ይረዝማል። ወደ ቢጫነት ያዘነበለ፣ ብዙ እጅ ያለሰለሰው ነው። አንዱ ጫፉ ላይ ሰፊ ጉድጓድ አለው፤ ጎንና ጎኑ ላይ ደግሞ ትናንሽ ቀዳዳዎች ተበስተውበታል። በተገመደ ክር፣ እንደ ወስፌ ከሾለ ሌላ ቀጭን አጥንት ጋር ታስሯል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።

ጫማ ሻጩ አንገቱን አስግጎ አየና ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«እንዳትነካው!»

«ነክቼዋለሁ እኮ።»

«እንግዲያው እኔን እንዳትነካኝ። መተት ነው ይሄ።»

«የምን መተት! የፈረንጅ መተተኛ በካፖርት ኪስ አድርጎ መርካቶ ድረስ ላንተ ይልካል?»

«ላንተ ነዋ የላከው። ካፖርቱ ያንተ ነው።»

በዚህ መሃል አምስት ስድስት ሰው ተሰብስቧል። ሰው ሲሰበሰብ ደግሞ እኔ ዝም ማለት አልችልም። አጥንቱን ከፍ አድርጌ አሳየሁና፣ «ይሄማ የታወቀ ነው፤ የዓሣ መረብ መሥሪያ ነው» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

እትዬ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ፣ «መረብ መሥሪያ ከሆነ ያ ሁሉ ቀዳዳ ምን ያደርግለታል?» አሉ።

«ክሩ የሚያልፍበት ነው፣ እትዬ።»

«ክሩ የሚያልፈው እኮ ባንዱ ብቻ ነው።»

«ሌሎቹ መጠባበቂያ ናቸው።»

እስከ ከሰዓት ድረስ ለሌላ ጠያቂ የሐኪም ዕቃ፣ ለሌላው የአንገት ጌጥ፣ አውቶቡስ ተራ ወርዶ ካፖርት ሊገዛ ለመጣ አንድ የጎጃም ሰው ደግሞ የጥይት መለኪያ አድርጌዋለሁ። ሰውየው ራሱን ነቀነቀና ካፖርቱን ሳይገዛ ሄደ።

እሁድ ምሳ ላይ አጥንቱን ለልጄ አሳየኋት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ የያዘች ልጅ ናት። በስልኳ ፎቶ አነሳችው፣ ትንሽ ነካካች፣ እኔ አንድ ጉርሻ ሳልጨርስ፣ «አባዬ፣ መጫወቻ ነው» አለች።

«የማን መጫወቻ?»

«የኢኑዊቶች። ሰሜን ጫፍ፣ በረዶው አገር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው።» ከስልኳ ላይ እያየች ነገረችኝ። ክረምታቸው ረጅም ነው፤ ፀሐይ ለሳምንታት የማትወጣበት ቦታም አለ። ያን ጊዜ ቤት ተቀምጠው፣ ካደኑት አውሬ አጥንት በእጃቸው በሠሩት ዕቃ ይጫወታሉ። ሾሉን አጥንት በእጅ ይይዙና ሌላውን ወደ ላይ አጉነው፣ ሲወርድ በጉድጓዱ ወይም በቀዳዳው ይወጉታል። ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ጨዋታው ይከብዳል። በጣታቸው ክር እየጠለፉ የድብና የወፍ ምስል የሚያወጡበትም ሌላ ጨዋታ አላቸው። «ለአዳኝ እጅና ዓይን ማሠልጠኛ ነው ይላል» አለችና ስልኳን አስቀመጠች። «አንተ ምን መስሎህ ነበር?»

«እኔማ ጠርጥሬ ነበር» አልኳት።

ሰኞ ጠዋት መደዳውን ሰብስቤ ስለ ኢኑዊቶች አስተማርኩ። አብሬያቸው የከረምኩ ነው የሚመስለው። ጫማ ሻጩ እጁን አጣጥፎ እስክጨርስ ጠበቀኝና፣ «ቅዳሜ መረብ መሥሪያ ነበር» አለ።

«መረብ የሚሠሩ ሰዎች ጨዋታ ነው ለማለት ነው።»

«መልካም። እንግዲህ ተጫወተውና እንይ።»

እዚህ ላይ «ሌላ ቀን» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። አላለፍኩም። ልጅ ሳለሁ ከሲኒማ ራስ ጀርባ ባለው ሰፈር በብይ የሚያህለኝ እንዳልነበረ፣ እጄ ከዓይኔ እንደሚፈጥን፣ አሥር ደቂቃ ከሰጡኝ ሁሉንም ቀዳዳ እንደምወጋ ተናገርኩ። እውነቱን አሁን ልናዘዝ፦ የሰፈራችን ልጆች ብይ ሲጫወቱ እኔ ዳኛ ነበርኩ። ዳኛ ያደረጉኝም ስጫወት ጨዋታው ስለማያልቅ ነው።

መጀመሪያ ስወረውረው የእጄን አንጓ መታኝ። ሁለተኛው ከክሩ ጋር ተጠምጥሞ ቀረ። ሦስተኛው ግንባሬን አለኝ። ከዚያ በኋላ መቁጠር ትቻለሁ፤ ሌሎች ግን ይቆጥሩ ነበር። የቀትር አዛን ሲሰማ የመደዳው ሰው ግማሹ ለሶላት፣ ግማሹ ለምሳ ተበተነ፤ እኔ እዚያው ቆሜ አንድ ጊዜ እንኳ አልወጋሁም።

«ነፋስ አለ» አልኩ።

«አለ እንጂ» አለ ጫማ ሻጩ። «ከአፍህ ነው የሚወጣው።»

ሰው መሳቂያ ሲሆን ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ ነገሩን መተው ነው፤ እኔ ሌላውን መረጥኩ። በድብቅ መለማመድ ጀመርኩ። ከሱቄ ጥግ፣ ከተሰቀሉት ካፖርቶች ኋላ ገብቼ እወረውራለሁ። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ለባሏ ጃኬት ልትገዛ መጣችና ልብሶቹ እየተወዛወዙ ከውስጥ «አቤት! አቤት! አመለጠች!» የሚል ድምፅ ሰማች። «ከውስጥ ማን አለ?» ብላ ጮኸች። ጫማ ሻጩ ረጋ ብሎ፣ «ባለሱቁ ነው። አደን ላይ ነው» አላት። ወጥቼ ላስተናግዳት ስል ሄዳለች።

በሁለተኛው ሳምንት ጥርሴን ሰበርኩ። አጥንቱን ከፍ አድርጌ ወርውሬ፣ አፌን ከፍቼ ወደ ላይ ሳየው ቀጥ ብሎ መጣና የፊት ጥርሴ ጫፍ ላይ አረፈ። በማግስቱ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ካርዱ ላይ ልትጽፍ ብዕር አነሳች።

«ምን ሰበረው?»

«አጥንት።»

«ሲበሉ?»

«ስጫወት።»

ብዕሩን አስቀመጠች። «ከውሻ ጋር?»

«አይደለም። ብቻዬን።»

ካርዱ ላይ ምን እንደጻፈች እግዜር ይወቀው፤ ረዘም ያለ ነገር ግን ነበር።

ከጥርሱ በኋላ ነገሩ እልህ ሆነ። አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ሊገባልኝ ሲል ጫፉን ነክቶ ሲንሸራተት በንዴት ክፉኛ አወናጨፍኩት። ክሩ ተበጠሰ። አጥንቱ መተላለፊያዋን ተሻግሮ በረረና የእትዬ ቁልፎች ላይ ወደቀ፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ የወርቅ ቅብ ቁልፍ ሁሉ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሾሉም በእጄ ውስጥ ተሰነጠቀ። ይቅርታ ልጠይቅ ስሮጥ እትዬ አጥንቱን ከቁልፎቹ መካከል አንስተው፣ ገልበጥ አድርገው እያዩት ነበር።

«ምን አደረገህ?» አሉኝ።

«አልገባም አለኝ፣ እትዬ።»

«ታዲያ አስጠግነው። ይሄ ሰው ተጨንቆ የሠራው ዕቃ ነው።» ከዚያ ቀስ እያሉ ቁልፎቹን በግራ እጃቸው ይለቅሙ ጀመር። ጎንበስ ብዬ አገዝኳቸው። ያን ጊዜ ዓይኔ ያየውን ነገር ልብ ሳልለው ነው የተነሳሁት፤ እሱን በቦታው እናገራለሁ።

ምናለሽ ተራ ውስጥ ቀንድና አጥንት የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ እንዳሉ ጫማ ሻጩ ነገረኝ። በፊት የቀንድ ዋንጫ ይሠሩ ነበር፤ አሁን የቢላ እጀታና ማንኪያ ነው የሚሠሩት። በመዶሻና በቆርቆሮ ጩኸት መሃል ተቀምጠው ሞረድ ይዘው አገኘኋቸው። ዕቃውን ስሰጣቸው ምን እንደሆነ አልጠየቁም። ጣታቸውን ወደ ጉድጓዱ አስገቡ፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ፣ ሾሉን ወደ ብርሃን አዙረው አዩ።

«ግራኙ ማነው?» አሉ።

«የቱ ግራኝ፣ ጋሼ?»

«ባለቤቱ ነዋ። ይኸው፣ አውራ ጣት የበላው ቦታ እዚህ ጋ ነው። በቀኝ እጅ ብትይዘው ጣትህ እዚህ አያርፍም። ክሩም ቀዳዳውን ወደዚህ ነው የሞረደው። ይሄን የሠራው ሰው ለግራ እጅ ነው የሠራው።»

የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። ጥፋቱ የኔ አልነበረም! ሦስት ሳምንት ሙሉ ስዋረድ የከረምኩት በግራኝ ዕቃ ነው! እጃቸውን ስሜ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። እሳቸው ግን ሾሉን በሙጫ አጣብቀው፣ በቀጭን ክር ጠምጥመው፣ በሰም የታሸ ሲባጎ አሰሩለትና ጥንካሬውን ለመሞከር በቀኝ እጃቸው ይዘው ወደ ላይ አነሱት። አንድ። ሁለት። በሦስተኛው «ጭ» ብሎ ገባ።

«ለግራኝ ነው አላሉም እንዴ፣ ጋሼ?»

«ነው። ትንሽ ያስቸግራል» አሉ።

ያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጥኩም። ለቀኝ እጅ የሚሆን ሌላ እንዲሠሩልኝ ጠየቅኳቸው። ከልኳንዳ ቤት የበሬ አጥንት አምጥቼ ሰጠኋቸው፤ ቀቅለው፣ አድርቀው፣ ሞርደው በሳምንቱ እንድመጣ ነገሩኝ። ስሄድ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ጉድጓዱን ትንሽ ሰፋ ቢያደርጉት» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ለጀማሪ እንዲሆን ብዬ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ለጀማሪስ ባልዲ ይሻልሃል» አሉኝ።

የበሬው አጥንት እጄ በገባ በሁለተኛው ቀን ዶፍ ዘነበ። ውሃው መተላለፊያዋን ሞልቶ እንደ ወንዝ ይሄዳል፤ ገዢ የሚባል የለም። ሰባት ስምንት ሆነን በኔና በጫማ ሻጩ ሱቅ መካከል ከተወጠረው ሸራ ሥር ተጠለልን። እኔ ይህን ቀን ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ያለፈው ሁሉ በግራኝ ዕቃ ምክንያት የሆነ መሆኑን በዝርዝር አስረዳሁና ውድድር አወጅኩ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አሥር ሙከራ።

ጫማ ሻጩ አንድ ጊዜ ወጋ። ዝናብ ሊያሳልፍ የተጠለለ አንድ ተሸካሚ፣ ጆንያውን እንደ ቆብ ራሱ ላይ እንዳደረገ፣ አራት ጊዜ ወግቶ አጥንቱን መለሰልኝና፣ «ምን ይገኝበታል?» ብሎ ጠየቀ። እኔ አሥር ጊዜ ወረወርኩ። አሥር ጊዜ ሳትኩ። በቀኝ እጄ፣ ለቀኝ እጄ በተሠራ ዕቃ፣ ነፋስ በሌለበት።

ሳቁ ትንሽ ጋብ ሲል ዓይኑ ሁሉ ከኔ ላይ እንዲነሳ ፈለግኩና ወደ እትዬ ዞርኩ። እሳቸውም ሱቃቸው በር ላይ ውሃ ስለገባ እኛ ዘንድ ተጠልለው ነበር። «እትዬ፣ እርስዎም ይሞክሩ እንጂ!» አልኩና የበሬውን አጥንት ወደ ቀኝ እጃቸው ዘረጋሁ።

ቀኝ እጃቸው ነጠላቸው ውስጥ ነበር። አላወጡትም።

«ያንኛውን ስጠኝ» አሉ። የመጣውን፣ አሮጌውን።

«እሱ ለግራኝ ነው፣ እትዬ። ይሄ ለቀኝ የተሠራ ነው፤ በቀኝ እጅዎ ይያዙት።»

ጫማ ሻጩ በክርኑ ጎኔን ጎሸመኝ። አልገባኝም። «በቀኝ ይሻላል፤ እኔ አሠርቼው ነው» ብዬ ቀጠልኩ።

«ቀኜ ካረፈ እኮ ሁለት ክረምት ሆነው፣ ልጄ» አሉ እትዬ፤ ሳይቆጡ።

መደዳው ሁሉ ያውቃል፤ ያላወቅኩ እኔ ብቻ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ሱቃቸው ሁለት ወር ሲዘጋ፣ እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ «አገር ቤት ለዘመድ ሰርግ ሄደው ነው» እያልኩ እመልስ ነበር፤ ማንም ሳይነግረኝ። እሳቸው ግን ስትሮክ መትቷቸው ሆስፒታል ነበሩ። ሲመለሱ መጥተው ነግረውኝም ነበር። ሱቄ በር ላይ ቆመው «ቀኝ ጎኔን ያዘኝ» ሲሉኝ አስታወስኩ። እኔ ደግሞ ስለ ነጭ ሽንኩርት ጥቅም አንድ ግማሽ ሰዓት አውርቼላቸው «እግዜር ይማርዎ» እንኳ ሳልል ሸኘኋቸው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው በግራ እጃቸው ቁልፍ ቆጥረው፣ በግራ እጃቸው ክር ቆርጠው፣ ዚፑን በጥርሳቸው ይዘው ሲለኩ አይቻለሁ። ማየቱን አይቻለሁ። ቁልፋቸውን የበተንኩባቸው ዕለት አብሬያቸው ስለቅም እንኳ አንድ እጅ ብቻ እንደሚሠራ ልብ አላልኩም።

አሮጌውን አጥንት ሰጠኋቸው። የምናገረው አጣሁ፤ ይህ በመደዳው ታሪክ የመጀመሪያው ነበር።

እትዬ በግራ እጃቸው ያዙት። አውራ ጣታቸው በዚያች በተበላች ቦታ ላይ ሄዳ አረፈች። እንደ እኛ አልወረወሩትም፤ ትንሽ ብቻ ወደ ላይ አነሱት፣ ከደረታቸው ብዙም አላለፈ። ሳቱ። ደግመው አነሱ፤ ሳቱ። በአራተኛው ጉድጓዱ ሾሉ ላይ ቁጭ አለ። እሳቸው ራሳቸው ደንግጠው አዩት። ከአሥሩ ሦስት ጊዜ ወጉ፤ ሦስተኛው ከጎን ካሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች በአንዱ ነበር። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ።

«ደሴ ልጅ ሆኜ ቅልልቦሽ እጫወት ነበር» አሉ። «አምስቱን ጠጠር በአንድ ጊዜ የምቀልበው እኔ ነበርኩ፤ ማንም አይደርስብኝም። ግን በቀኜ ነው። ግራዬማ ያኔ ጠጠር ያዥ ነበረች።» ግራ እጃቸውን ገልብጠው አዩአት። «እዪ እንግዲህ፤ ብታረጂም ትማሪያለሽ።»

እዚያው «ይውሰዱት፣ የርስዎ ነው» ብዬ ሰጠኋቸው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልሰጠሁም። ዝናቡ ሲያባራ ተቀብያቸው ሱቄ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። በራሴ ካፖርት ኪስ የመጣ ብርቅ ነገር ነው፤ ደግሞም ምስጢሩን ስለተረዳሁ በግራ እጄ ልሞክረው አስቤ ነበር። ሁለት ቀን እንዲህ ሆኖ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ጫማ ሻጩ በሩ ላይ ተደግፎ ሚስማሩን አየና፣ «በአጥንት የሚጣላ ፍጡር ምን እንደሚባል ታውቃለህ?» አለኝ።

አወረድኩት። ለእትዬ ስሰጣቸው ትልቅ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ገና አፌን ስከፍት፣ «እሺ፣ ተባረክ» ብለው ተቀበሉኝና ንግግሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ጠዋት ሱቃቸውን ከፍተው «ቢስሚላህ» ካሉ በኋላ አሥር ጊዜ ሳይጫወቱ ሥራ አይጀምሩም። እኔም በበሬው አጥንት ከወዲህ ማዶ እሞክራለሁ። አንድ ቀን ለረጅም ጊዜ ሲያዩኝ ቆዩና፣ «አንተ፣ ለምንድን ነው ስትወረውር የምታወራው?» አሉኝ።

«አላወራም፣ እትዬ።»

«ታወራለህ። ‹አሁን ይገባል፣ አሁን አየህ፣ እንዲህ ነው የሚደረገው› ትላለህ። ዝም ብለህ አንሳው። አትወርውረው፤ አንሳው።»

ዝም አልኩ። አነሳሁት። ገባ።

የሆነውን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ ጮህኩ። ጫማ ሻጩ ደንበኛ እግር ሥር ተንበርክኮ ጫማ ሲያጠልቅ ነበር፤ ሌሎቹም ሥራ ላይ ናቸው። ቀና ብለው ሲያዩ አጥንቱ በጩኸቴ ከሾሉ ላይ ወርዶ በክሩ ተንጠልጥሏል። «ገብቶ ነበር! እትዬ አይተዋል! ይመስክሩ!» አልኩ።

እትዬ አንዱን ቁልፍ ከሌላው እየለዩ፣ «እኔ እንኳ ክር ስፈልግ ጎንበስ ብዬ ነበር» አሉ። እስከ ዛሬ አይተው ይሁን ሳያዩ አላወቅኩም። ፈገግ ብለው ነበር።

ለአረፋ በዓል እትዬ ደሴ ሄዱ። አጥንቱንም ይዘውት ሄዱ። ሲመለሱ ግን ቁልፋቸውን ደርድረው ሲቀመጡ እጃቸው ባዶ ነው። ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እህቴ ዘንድ ቀረ» አሉኝ።

«እንዴት ቀረ፣ እትዬ? እሱ እኮ…» ብርቅ ነው፣ በረዶ አገር ሰው የሠራው ነው፣ እንደሱ ያለ በአዲስ አበባ የለም ልል ነበር።

«ታላቄ ናት። እግሯ ከያዛት ጀምሮ ከቤት አትወጣም። መስኮት ሥር ተቀምጣ ስትውል እንጉርጉሮ ብቻ ነበር። አጥንቱን አሳየኋት። በቆየሁበት ቀን ሁሉ ከእጇ አላወረደችውም፤ ስነሳም ልጠይቃት አፈርኩ።» ቀና ብለው አዩኝና፣ «ተቀየምከኝ?» አሉ።

ተቀይሜአቸው ነበር፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ሁለት ደቂቃ ያህል ተቀየምኳቸው። ከዚያ አንዲት የማላውቃት አሮጊት ደሴ መስኮት ሥር ተቀምጣ አጥንት ስትወጋ ታየችኝና፣ «ስንተኛው ቀዳዳ ላይ ደረሱ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ሁለተኛው ላይ። ከኔ ትበልጣለች ብዬ ሰግቻለሁ፤ ልጆች ሆነንም እንዲሁ ነበረች።»

በማግስቱ አብረን ምናለሽ ተራ ሄድን። እትዬ ቀኝ እግራቸውን ትንሽ ይጎትታሉ፤ ግፊያው ደግሞ ብዙ ነው፤ እኔ ጃንጥላቸውን ይዤ ከፊት ከፊት መንገድ አስለቅቃለሁ። ሽማግሌው ሲያዩን ቦታ አስለቅቀው በርጩማ ሰጧቸው። እትዬ ግራ እጃቸውን ዘረጉ። ሽማግሌው የእትዬን አውራ ጣት ቦታ ገና ባልተሞረደ አጥንት ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው ለኩ፣ የሾሉን ውፍረት በእጃቸው አስይዘው ሞከሩ፣ ስለ ክሩ ርዝመት ተነጋገሩ። ሁለቱ ሰዎች ስለ ቀንድ ዋንጫና ስለ ወሎ ገበያ ወሬ ሲጀምሩ እኔ ቆሜ አዳመጥኩ። ወሬው ጥሩ ነበር፤ ምንም የምጨምርበት አልነበረኝም።

አዲሱ አጥንት በሳምንቱ ደረሰ። ነጭ ነው፤ ገና እጅ አላለሰለሰውም። እትዬ አሁን ትንሿን ቀዳዳ ከአሥሩ አራት ጊዜ ይወጋሉ፤ ከደሴ ስልክ ሲመጣ የመጀመሪያው ወሬያቸው ስለ ቁጥሩ ነው፤ ሁለቱም ይዋሻሉ ብዬ እገምታለሁ። ጫማ ሻጩም ለራሱ አሠርቷል፤ መተት መሆኑን ረስቷል። እኔ አሁንም ትልቁ ጉድጓድ ላይ ነኝ። ትናንት ከሰዓት ሁለት ጊዜ ገብቶልኛል፤ አንዱን አንዲት ካፖርት ልትለካ የመጣች ሴት በዓይኗ በብረቱ አይታለች። «ጎበዝ» አለችኝ። ከዚያ ካፖርቱ ክንዱ ላይ እንደሚያጥራት ነግራኝ ሄደች።